ስከሳ የፈራሁትን ልንገርህ

ለውዴ ለሲሳይ፣

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንተ ያለህበት ግን ጤና የሚጠየቅበት አገር አይደለም፤ ከተለያየንም አምስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ስለዚህ የአንተን ትቼ የራሴን ልነግርህ ተቀምጫለሁ። ዛሬ እሑድ ነው። ከቅዳሴ ተመልሻለሁ፣ ምግብ ቤቱን ዘግቻለሁ፣ ልጆቹ እደጅ ናቸው። ሲሳዬ፣ ፈርቼ ነው የምጽፍልህ። የባሰው አልፏል፤ ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። ለሰው ብነግረው ወሬ ይሆንብኛል። አንተ ግን ስፈራ ታውቀኛለህ።

በመጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። ሐረግ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ በልጦኛል። አንተ ስትሄድ ገና ይድህ የነበረው ኪዳኔ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባ። ፊደል ሲቆጥር «ሀ»ን ዘልሎ ከ«መ» ይጀምራል፤ ለምን ብለው «መኪና» አለኝ። ምግብ ቤታችን እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ናት። ጣራዋን አዲስ ቆርቆሮ አልብሻታለሁ፤ አንተ ያሠራሃቸውን አግዳሚ ወንበሮች ግን አልቀየርኋቸውም። እህል ታመላልስባት የነበረችውን መኪና አሁን ሌላ ሰው ይነዳታል። ከአምደወርቅ መልስ ዳገቱን ስትወጣ ድምፅዋን ከሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ አሁንም ሳላስበው ምሳህን ላሙቅ እነሣለሁ።

ከሁሉ የተቀየርሁት ግን እኔ ነኝ። ብታየኝ «ብርዛፍ፣ ማን እንዲህ አደረገሽ?» ትለኝ ነበር። ሁለት ዙር ብቻ ይዞረኝ የነበረው መቀነት አሁን ሦስት ዞሮ ይተርፋል። ይህ እንዴት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንዳስፈራኝም ነው የምነግርህ።

ስታገባኝ እንዴት እንደነበርሁ ታስታውሳለህ። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሲመጣ ልጅ ነበርሁ፤ ታናሽ ወንድሜን ቀብረን ወደ ኮረም በእግራችን የወጣን ሰዎች ነን። ከዚያ በኋላ እህል ሲጣል ማየት አልችልም። አንተም ይህን አውቀህ ከወልዲያ በመጣህ ቁጥር ቅቤ፣ ስኳር፣ ዘይት በቆርቆሮ፣ ለስላሳ በሣጥን ትጭንልኝ ነበር። እየጎረስህ ታጎርሰኝ ነበር። ሁለታችንም ወፈርን። ሰው ሲያየን «ተመቻቸው» ይል ነበር፤ እኛም ደስ ይለን ነበር። በእኛ አገር የሰው ገላ ሲሞላ ቤቱም ሞላ ማለት ነው። የከሳ ሰው ታሪኩ ይታወቃል፤ ወይ ረሃብ ነው፣ ወይ በሽታ ነው፣ ወይ ክፉ ትዳር።

ከዚህ ሌላ አንተም የማታውቀው አመል ነበረኝ። ደንበኛ በልቶ ሲነሣ ትሪው ላይ የቀረውን ወደ ጓዳ ይዤ እገባና ቆሜ እበላው ነበር። ጠግቤም ቢሆን እበላዋለሁ። ጥብስ የነካው ፍርፋሪ፣ ወጥ የጠጣ እንጀራ፣ ሁሉን ጠርጌ። የበላሁ አይመስለኝም ነበር፤ ከመጣል ያዳንሁት ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ከወልዲያ መጥተህ እየሳቅህ የነገርኸኝ ነገር አለ። ራስ ምታቱ አላስነዳ ሲልህ ሐኪም ቤት ገብተህ ነበር። «ሐኪሙ ግፊት አለብህ፣ ክብደትህን ቀንስ፣ ጨውና ጮማ ተው፣ በእግርህ ሂድ አለኝ። መኪና ያለው ሰው በእግሩ ሊሄድ!» አልኸኝ። እኔም ሳቅሁ። «እሱ ራሱ የሚበላው ያጣ ይሆናል» አልሁህ። ክኒኑን አንድ ሳምንት ውጠህ ሲሻልህ ተውኸው። እኔም ተው ወይም ዋጥ አላልሁህም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሳቄን ብዙ ጊዜ ረግሜዋለሁ።

የሆነው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ምሳ በልተህ ልትታጠብ ስትነሣ ውኃ አስታጠብሁህ። ቀኝ እጅህ ውኃውን መያዝ አቃተው። ጣቶችህ ተከፍተው ቀሩ። ቀና ብለህ አየኸኝና የሆነ ነገር ልትለኝ ፈለግህ፤ አፍህ ወደ አንድ ወገን ሄደ፣ ቃሉ አልወጣም። ሲሳዬ፣ ያ አስተያየትህ ነው እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ። አንተ እንዲህ ፈርተህ አይቼህ አላውቅም ነበር። ያንን የሚያህል ሰውነት አራት ሰው ተሸከመው። በሦስተኛው ቀን ሄድህ።

ሰው ሁሉ «ዓይን በላው» አለ። «እንዲያ ያማረ ገላ፣ ሰው ዓይኑን ጣለበት።» እኔም አመንሁ። ማመን ይቀል ነበር። ዓይን ከሆነ እኔ የለሁበትም፤ ቅቤውን የጨመርሁት እጅ የለበትም።

ካረፍህ በኋላ ይበልጥ በላሁ። ሐዘንተኛ ነሽ እያሉ ያጎርሱኛል፤ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ጓዳ ገብቼ ያንኑ የተረፈውን እበላለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ አለፈ። ከዚያ ማጅራቴን ይይዘኝ ጀመር። ከጓዳ እስከ በር ስሄድ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ጎንበስ ብዬ ስነሣ ቤቱ ይዞርብኛል። አንድ ጠዋት ድስት ላነሣ ስል እጄ ደነዘዘና ድስቱ አመለጠኝ። የአንተን እጅ አየሁት። እሳቱን እንኳ ሳላጠፋ ሮጬ ጤና ጣቢያ ሄድሁ፤ ሮጬ ስልህ እንደዚያ ዘመን ሩጫዬ ነው፣ ሦስት ቦታ ቆሜ።

እዚያ የተቀበለችኝ ሲስተር ትርሐስ ትባላለች። ከኮረም በኩል የመጣች፣ ቁጣና ሳቅ የተቀላቀለባት ነርስ ናት። ክንዴን አስራ ለካች፣ ደግማ ለካች። ሚዛን ላይ አቆመችኝ፤ ዘጠና አንድ ኪሎ።

«ባልሽ በምን ሞተ?» አለችኝ።

«በዓይን።»

«ዓይን ከመብላቱ በፊት ራሱን ያመው ነበር?»

«ያመው ነበር።»

«ግፊት አለብህ ያለው ሐኪም ነበር?»

አለቀስሁ። እጄን ይዛ ጠበቀችኝ። ኋላ «አንቺም የእሱን መንገድ ይዘሻል። ግን መንገዱ ገና አላለቀም፤ መመለሻ አለው» አለችኝ። ስኳሬም ወሰኑ ላይ መድረሱን ነገረችኝ። ክኒን ሰጠችኝና ተሻለኝ ብዬ እንዳላቋርጠው አስማለችኝ።

ክብደት ቀንሺ ስትለኝ ግን የመጣብኝ ረሃብ ነው። «ልራብ ነው?» አልኋት። «አትራቢም» አለችኝ። «ራሱን ያስራበ ሰው አንድ ሳምንት ይጾምና በሁለተኛው ሳምንት ድስቱን ይጨርሳል። ይህ ክብደት በአንድ ወር አልመጣም፣ በአንድ ወርም አይሄድም። በዚህ ወር ሁለት ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ከሰው ትሪ የተረፈውን አትብዪ። በየቀኑ ደግሞ በእግርሽ ሂጂ። ሌላውን ወር ሲያልቅ እናወራለን።»

ሁለት ነገር ብቻ። ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የተረፈውን ይዤ ጓዳ ስገባ እጄ ከአፌ ደርሶ ነበር። መጣሉን ደግሞ አልቻልሁም፤ እንባዬ መጣ። ኋላ ዘዴ አገኘሁ። መጀመሪያውኑ ትንሽ ማቅረብና «ጭማሪ አለ፣ በሉ» ማለት ጀመርሁ። ትሪው ላይ የሚቀረው አነሰ። ድስት ውስጥ የሚተርፈውን ንጹሑን ወደ ቤተ ክርስቲያን በር ለአረጋውያኑ እወስዳለሁ። እህሉም አልተጣለም፣ ሆዴም ማከማቻ መሆኑ ቀረ።

እግር ጉዞው ባሰ። ምግብ ቤቱን ሳልከፍት በጠዋት ከከተማው ጀርባ ወዳለው ዳገት ወጣሁ። የመጀመሪያ ቀን ሦስተኛው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጥሁ። ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል፤ እዚሁ ልወድቅ ነው፣ ልጆቼ ቤት ናቸው፣ ማን ይነግራቸዋል አልሁ። አህያ የምትነዳ ሴት ቆማ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኋት። ነገሩን ለሲስተር ስነግራት «ማን ዳገት ውጪ አለሽ? መጀመሪያ ሜዳውን ሂጂ። እየሄድሽ ማውራት እስከቻልሽ ድረስ ነው ልኩ፤ ማውራት ካቃተሽ ቀስ በዪ» አለችኝ። በሜዳው ጀመርሁ። ሐረግ ቅዳሜና እሑድ አብራኝ ትሄዳለች፤ እሷ ታወራለች፣ እኔ ትንፋሼን አዳምጣለሁ። ከሦስት ወር በኋላ እኔም አወራ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ዳገቱን ወጣሁት።

ሲስተር በየወሩ አንድ ሁለት ነገር ትጨምርብኝ ነበር። ሻይዬ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር ነበር የማደርገው፤ በአንዴ ሳይሆን ግማሽ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሁ አንድ አደረስሁት። ዘይቱን ከቆርቆሮው ወደ ድስት ማንቆርቆር ትቼ በማንኪያ ሰፈርሁት። ላስቅህ? የደንበኞቹንም ዘይትና ጨው ቀነስሁባቸው፤ አንድም ሰው አላወቀም። ከልጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ስበላ ስንት እንደበላሁ አላውቅም ነበርና ለራሴ በትንሽ ሳህን ማቅረብ ጀመርሁ፤ ጎመኑን አብዝቼ፣ እንጀራውን ቀንሼ፣ ሽሮውን ሳላጣ። ቀስ ብዬ አኝካለሁ። ሚዛን ላይ የምወጣው በወር አንዴ ነው፤ «በየቀኑ ከተመዘንሽ ሚዛኑ ያሳብድሻል» ብላኛለች። በመሀሉ መቀነቴ ይነግረኛል።

ከባዱ ሆዴ ሲጮህ ነበር። ያ ድምፅ ሲመጣ እኔ ሰቆጣ ምግብ ቤት ውስጥ አልነበርሁም፤ ኮረም ሜዳ ላይ ነበርሁ። የምይዘውን አጣለሁ። ለሲስተር ይህን ስነግራት ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። ከዚያ «ሲመጣብሽ ቁጭ በዪና ራስሽን ጠይቂ፤ ይህ ረሃብ ነው ወይስ ፍርሃት? ውኃ ጠጪ፣ ትንሽ ቆዪ። ረሃብ ከሆነ ብዪ፣ አትፍሪ፤ ምሳ አታሳልፊ። ፍርሃት ከሆነ ግን እንጀራ አያጠግበውም» አለችኝ። አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ሆኖ አገኘሁት።

መሰናከልም ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ በራሱ ይቀንስልኛል ብዬ ተዝናናሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን የቀኑን ሁሉ በአንዴ እበላ ነበር፤ ዳቦውን፣ በዘይት የተጠበሰውን፣ ጣፋጩን ሻይ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት የዶሮና የቅቤ ሆነ። ሦስት ኪሎ ጨመርሁ። አፍሬ ከጤና ጣቢያ ተደበቅሁ፤ ሲስተር ትርሐስን ገበያ ላይ ሳያት ከሽንኩርት ነጋዴ ጀርባ ተሸሸግሁ። አይታኝ ኖሯል። መጥታ «ያን የሚያህል ሰውነት ከሽንኩርት ጀርባ ይደበቃል?» ብላ ሳቀችና፣ «ሸክም ይዞ የወደቀ ሰው ከወደቀበት ተነሥቶ ይሄዳል እንጂ ቤቱ ተመልሶ እንደገና አይነሣም። ነገ ሜዳሽ ላይ ሂጂ» አለችኝ። ሄድሁ።

ዓመት ሳይሞላ ሰባ ስድስት ገባሁ። ማጅራቴ ተወኝ፣ ግፊቴ ወረደ። ደስታዬን ለሰው ልናገር ስል ግን የሰው ፊት ተቀየረብኝ።

መጀመሪያ «ምነው ከሳሽ?» ነበር። እኔም «ለጤናዬ ነው» እላለሁ። ለጤናው ብሎ የሚከሳ ሰው በእኛ አገር ማን ያውቃል? ሰዎች ይተያያሉ። ያን ጊዜ ያ በሽታ፣ ኤድሱ፣ ስንት ቤት ዘግቶ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ባሏ ሾፌር ነበር። ባሏ በድንገት ሞተ። አሁን እሷ ከሳች። ሌላ ምን ይፈለጋል? የገበያ ቀን ወንበሮቹ ባዶ መሆን ጀመሩ። የሚወዱህ ሾፌሮች ሰላም ብለውኝ ማዶ ሄደው ይበላሉ። ለልጅ ሰርግ፣ ለለቅሶ ወጥ ሥሪ እያሉ የሚጠሩኝ ሴቶች «አንቺ ረፍት አድርጊ» ይሉኝ ጀመር። ጎረቤታችን ጥሩዬን አስታውሳት፤ ልጇን ክርስትና ያነሣሁላት። ቤቷ ሄጄ ውኃ ጠጣሁ። ነጠላዬን ረስቼ ወጥቼ ስመለስ ብርጭቆውን በአመድ ደጋግማ ስትፈትግ አየኋት። ተያየን። ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ።

ሐረግም አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ሳታስቀምጥ «እማ፣ አንቺም ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። የክፍሏ ልጅ ነግሯት ነው። አይደለሁም አልኋት። እውነቱን ልንገርህ፤ እርግጠኛ አልነበርሁም። የሰው ወሬ ገብቶብኝ ነበር። ወልዲያ ስታድር፣ ደሴ ስታድር፣ መኪና ተበላሸ ብለህ ሦስት ቀን ስትቀር የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብሁት። የቀነሰው ክብደቴ ከእግር ጉዞው ነው ወይስ ከዚያ በሽታ? ሲስተር ያለችኝን ነው ያደረግሁት፣ ግን ቢሆንስ? ያለፈውን ሁሉ ጠረጠርሁት። አንተን በመቃብርህ ጠረጠርሁህ። ይቅር በለኝ።

ወሬው ደሃና ድረስ ሄደ። እናትህ ሰምተው በበቅሎ ተቀምጠው መጡ። በር ላይ ቆመው አዩኝና በአገውኛ እየጮሁ አለቀሱ፤ ቋንቋውን ከአንተ የተማርሁትን ያህል ነው የማውቀው፣ ያን ጊዜ ግን ሁሉም ገባኝ። ቁጭ ካሉ በኋላ በአማርኛ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄን ያ ነው የገደለው?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ። ግፊት ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔም ግፊት ነው። ሐኪም ቀንሺ ብላኝ ነው።»

«ሐኪም እህል ከልክሎ ሰው ያድናል?» አሉኝ። እሳቸውም የሰባ ሰባትን ያዩ ሰው ናቸው። «በእነዚህ ልጆች ብዬ እለምንሻለሁ፣ ብዪ። ሰው አፉን ይዘጋል፤ እኔም ሁለተኛ ሐዘን አልችልም።»

ተሸነፍሁ፤ በእሳቸው ልመና ብቻ አይምሰልህ፣ በባዶ ወንበሮቹም፣ በጥሩዬ ብርጭቆም። ወፍሬ ልታያቸውና ዝም ላሰኛቸው ፈለግሁ። እናትህ ገንፎ በቅቤ ይሠሩልኛል፣ እኔ እበላለሁ። ጠዋት መሄዱን ተውሁ፤ ሰው ሲያየኝ «ድሮም ታማ ነው የምትዞረው» እንዳይለኝ። ከሁሉ የባሰውን ልንገርህ፤ ክኒኑንም ተውሁት። ሰው ክኒን ስውጥ ካየ ያው ነው የሚለው ብዬ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆንሁ። ጉንጬ ሞላ። ሁለት ሾፌሮች ተመልሰው መጡ። «አሁን ተመለስሽ» አሉኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላው ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ብል ጣቶቼ አልታዘዙኝም። ከንፈሬ ደንዝዟል። እናትህን ልጠራ ፈለግሁ፤ ምላሴ ከበደኝ። እሳቸው ዞር ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር፣ እኔ ያን ቀን አንተን ሳይህ ፊቴ ላይ የነበረው ይመስለኛል። ሞቴ መጣ አልሁ። ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኪዳኔ ፊቴን አያስታውሰውም።

ሰዎች ደግፈው ከእናትህ ጋር ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጄ ተመለሰ፣ ምላሴም ተፈታ። ሲስተር ትርሐስ እንደዚያ ቀን ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ላይመለስ ይችላል» አለችኝ። ለምን ክኒኑን እንደተውሁ ስትጠይቀኝ ሁሉን ነገርኋት፤ ወሬውን፣ ብርጭቆውን፣ አንተን መጠርጠሬን። ሰምታ ስትጨርስ «ታዲያ ለምን አትመረመሪም? በማታውቂው ነገር ከምትሞቺ በምታውቂው ብትኖሪ አይሻልም? ቢኖርብሽም መላ አለው» አለችኝ።

ሲሳዬ፣ እኔ ልወጣ ወደ በሩ ዞርሁ። እናትህ ግን በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «አብሬያት እገባለሁ» አሉ። ከጣቴ ደም ወሰዱ። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እናትህ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ እኔ ግን ጸሎት ጠፋኝ። አለ ቢሉኝ ለሐረግ ምን እላታለሁ? አለ ቢሉኝ አንተን እንዴት አድርጌ ነው የማለቅስህ? ስሜን ሲጠሩ አልተነሣሁም፤ እናትህ ናቸው ክንዴን ይዘው ያስነሡኝ።

ሲስተር በሩን ዘግታ «አጆኺ» አለችኝ፤ በትግርኛ አይዞሽ ማለቷ ነው። «ነጻ ነሽ። ምንም የለብሽም።»

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እናትህም ጎንበስ ብለው ራሴን ይዘው «ልጄን አማሁት፤ በሞተበት አማሁት» እያሉ አለቀሱ። ለካ እሳቸውም እንደ እኔ ሲጠረጥሩህ ከርመዋል። የዚያን ቀን ሁለታችንም ይቅርታ ስንለምንህ ዋልን።

ወሬው በአንድ ቀን አልቆመም። ወረቀት ይዤ አልዞርሁም። እናትህ ግን የገበያ ቀን ምግብ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሴት ሁሉ እየጠሩ «ልጄን የገደለው ግፊት ነው፣ ምራቴም የምትከሳው እንደሱ እንዳትሞት ነው፤ ገብታችሁ ብሉ» ይሉ ነበር። አፈርሁም፣ ኮራሁም። እሳቸው እግራቸው እስኪደክም በሜዳው አብረውኝ ሄደው ነው ወደ ደሃና የተመለሱት። ጥሩዬ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣች፤ ማጅራቴን ይይዘኛል አለችኝ። ስለ ብርጭቆው አላነሣሁባትም። ሲስተር ትርሐስ ዘንድ ይዣት ሄድሁ፤ አሁን ከሌላ አንዲት ጎረቤት ጋር ጠዋት ጠዋት ሦስት ሴቶች ሆነን ነው የምንሄደው።

እንደገና ጀመርሁ፤ ዛሬ ሰባ አራት ኪሎ ነኝ። ሲስተር የምትፈልገው ገና ነው፤ እኔም አልቸኩልም። ክኒኔን በየጠዋቱ ሰው እያየኝ እውጣለሁ። አሁንም እፈራለሁ። ትንሽ ራሴን ሲያመኝ መጣ እላለሁ። ሐረግ ዘግይታ ስትመጣ፣ ኪዳኔ እንቅልፉ ሲበዛ፣ ሁሉም ያስደነግጠኛል። ድሮ ግን ፍርሃቴ ወደ ጓዳ ነበር የሚመራኝ፤ አሁን ወደ ሜዳው ይመራኛል።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሾፌር መጣ። ከደሴ ነው፤ ትልቅ ሰውነት፣ ትልቅ ሳቅ ያለው፣ ወንበሩን የሚሞላ። ጥብስ አዘዘ፣ ደገመ። በመሀል ግንባሩን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ምን ሆንህ አልሁት። «ራሴን ነው እንጂ ደህና ነኝ። ሐኪም አንድ ጊዜ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» ብሎ መሳቅ ጀመረ። አብሬው አልሳቅሁም። ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁና ስለ አንተ ነገርሁት። ስምህን፣ መኪናህን፣ ሐኪሙን፣ አብረን መሳቃችንን፣ እጅህን። ዓይን እንዳልበላህም ነገርሁት። ይህን ጮክ ብዬ ለማያውቀኝ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሰውዬው ትሪውን ገፋ አደረገው። ከዚያ «ጤና ጣቢያው በየት በኩል ነው?» አለኝ። እስከ በሩ ሸኘሁት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ክኒን በላስቲክ ይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሲያልፍ ጥሩምባውን ነፋልኝ።

ሲሳዬ፣ እስከ ዛሬ ስምህን የማነሣው በለቅሶና በተዝካር ብቻ ነበር። ከእንግዲህ በዚህ ወንበር ላይ ራሱን ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ አነሣሃለሁ። ምን እንደበላህ፣ እንዴት እንደሳቅህ፣ እንዴት እንደሄድህ ሳላስውብ እነግረዋለሁ። ልጆችህ በዓይን የሞተ አባት ሳይሆን ቢሰማ ይኖር የነበረ አባት እንዳላቸው ያውቃሉ። የማስታውስህ እንደዚህ ነው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ እስኪለካ ድረስ እየጠራሁህ።

ሚስትህ
ብርዛፍ
ሰቆጣ